«ጉዳት» የሚለው ቃል ከየት ተነሥቶ ከእድራችን ደንብ ደረሰ?



ዓምና በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የተከራከርነው ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለ አንዲት ቃል ነበር። በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ «አባሉ ወይም ቤተሰቡ ጉዳት ሲደርስበት እድሩ ይረዳዋል» የምትል መስመር አለች። ደንቡ ሲረቀቅ ጸሐፊው እኔ ስለ ነበርኩ መስመሯን የጻፋት ይኸው የእኔ እጅ ነው። ያን ጊዜ ጉዳት ስንል ሁላችንም በልባችን የያዝነው ሞትን ነበር። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠውን ገንዘብ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም።

ዓምና ታዲያ አንዲት እናት ከወንበራቸው ተነሡና «ልጄ ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ፣ ወገቡን ተጎድቶ አልጋ ላይ ከዋለ አምስት ወሩ ነው። ይኼ ጉዳት ካልሆነ ጉዳት የምትሉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከኮሚቴው አንዱ «እትዬ፣ እድር እኮ ለሞት ነው» ቢላቸው፣ «እንግዲያው እንድትረዱኝ ልጄ እስኪሞት ልጠብቅ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጉዳዩም ለዘንድሮ ስብሰባ ይተላለፍ ተባለ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያችን ቃል ሳላስብባት የጻፍኳት እኔው ነኛ! ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ይህች ቃል ከየት መጥታ የት እንደ ደረሰች የማውቀውን ያህል ላስረዳችሁ ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይሁን እንጂ ከ30 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤትና በንብረት ክፍል ጸሐፊነት ስሠራ ኖሬአለሁ። አንድ ቃል ቦታውን ሲስት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወደ ኋላ ላይ እንደምነግራችሁም በገዛ እጄ አድርሻለሁ።

አህያ ሊገዛ የሄደው ሰው

በአማርኛችን ለመጥፎ ነገር የወጣ ስም ሞልቷል። ጉድለት አለ፣ እንከን አለ፣ ኪሣራ አለ፣ እክል አለ፣ ጉዳትም አለ። በወሬ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ ብንለው ማንም አይከሰንም። በጽሑፍ ግን ለየቅል ናቸው። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ።

አንድ ሰው አህያ ሊገዛ ገበያ ወጣ እንበል። መንገድ ላይ ወንዝ ሞልቶ ቢያቆመው እክል ገጠመው ይባላል። ገበያ ደርሶ ሲያያት አህያዪቱ አንካሳ ብትሆን እንከን አለባት። በዋጋ ተስማምቶ ገንዘቡን ሲቆጥር አንድ መቶ ብር ቢያንሰው ጉድለት ነው። ገዝቷት ሲያበቃ በሳምንቱ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ቢሸጣት ኪሣራ ነው። ከኋላዋ ቆሞ ሳለ ጉልበቱን በርግጫ ብትለው ግን፣ እሱ ነው ጉዳት።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ያላችሁ እንደ ሆነ፣ እክል በመንገዱ ላይ ነው፣ እንከን በዕቃው ላይ ነው፣ ጉድለት በቁጥሩ ላይ ነው፣ ኪሣራ በንግዱ ላይ ነው። ጉዳት ግን ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። «ተጎዳ» ብለህ ስትናገር ሰሚው መጀመሪያ «ማን?» ይልሃል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ምን ጎዳው? ማን ጎዳው?» ይልሃል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከቃሉ ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው። ቃሉ ከ«ጐዳ» ይነሣል፤ የጥንት ጸሐፊዎች ከንፈር በሚያሞጠሙጠው «ጐ» ነበር የሚጽፉት። ከሱም ጎጂ፣ ተጎጂ፣ ጉዳተኛ የሚሉት ይወጣሉ። ጎጂና ተጎጂ፣ ሁለት ወገን ማለት ነው።

በየዕለት ንግግራችን እንኳ ብታስተውሉት ቃሉ ከአፋችን አይጠፋም። የታመመ ሰው ስንጠይቅ «በጣም ተጎድተሃል» እንላለን፤ ከሳህ ማለታችን ነው። ልጅ ምክር አልሰማ ሲል «ራስህን ነው የምትጎዳው» እንለዋለን። ሽማግሌ ሊያስታርቅ ሲል «ይቅርታ ብትለው ምን ይጎዳሃል?» ይላል። ወዳጅ ሲከዳን «ጎዳኝ» እንላለን እንጂ «ጉድለት አደረሰብኝ» የሚል የለም። በልቅሶ ቤት ደግሞ «የሞተ ተጎዳ» እንላለን። ይህች የመጨረሻዪቱ ለእድረኛ ሰው የምታስቀውም የምታሳዝነውም ናት። ለሟች ታስባ የተባለች ብትሆንም ከቀብር መልስ ስናያት የቀረው ነው አብልጦ የተጎዳው።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ

የእኔ ትውልድ ይህን ቃል በሥርዓት የተማረው ከትምህርት ቤት ነው። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር በጠመኔ ያሰምሩና በግራ በኩል «ጥቅም»፣ በቀኝ በኩል «ጉዳት» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ «የከተማ ኑሮ ጥቅምና ጉዳት»፣ «የባቡር ጥቅምና ጉዳት» እያሉ ያጽፉን ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ ሰው ስለ አንድ ነገር ሲመክር «ጥቅምና ጉዳቱን አይተህ» ይላል። ከዚያው ከሰሌዳው የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ቀን የተሰጠን «የክረምት ጥቅምና ጉዳት» ነበር። ሁላችንም በግራ በኩል «እህል ያበቅላል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ለከብት ሣር ይሆናል» እያልን ደረደርን። አንድ ጓደኛችን ግን ግራውን ባዶ ትቶ በቀኝ በኩል ብቻ ጻፈ። መምህሩ «ጥቅሙስ?» ቢሉት፣ «ጥቅሙ ለገበሬው ነው፤ እኛ ቤት ግን ጎርፍ ገብቶ እናቴ የጋገረችውን ሁሉ ወሰደው» አላቸው። መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልክ ነህ፤ ተቀመጥ» አሉት። ልጅ ሆኜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ያስተማረን አንድ ትልቅ ነገር ነው። ጥቅምና ጉዳት በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ባንድ ሰው ቤት አይገቡም። ጥቅሙ አንዱ ቤት፣ ጉዳቱ ሌላው ቤት ያድራል። ስለዚህ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ለመወሰን፣ ጥቅሙ የማን፣ ጉዳቱስ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕግ ቃሉን ሲቀበለው

ጉዳት የቤትና የገበያ ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ታላላቆቹ ሕጎች ሲዘጋጁ ቃሉ ማዕርግ አገኘ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። 3367 አንቀጾች አሉት። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሣይ አገር የሕግ ሊቅ ሲሆኑ፣ ከፈረንሣይኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ ሕጉ ከእኛው አፍ የተለመዱ ቃላት አስፈልገውት ነበር። «ጉዳት» እና «ካሳ» የሚባሉት ሁለት ቃላት በዚያ ሕግ ውስጥ ጎን ለጎን ተተከሉ። አንድ ሰው በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንደ ሆነ በጉዳቱ ልክ ካሳ ይከፍላል ማለት ነው።

ይኸው ሕግ ሌላም ነገር ጨመረ። «የሕሊና ጉዳት» የሚባል አለ ብሎ ተቀበለ። ይኸውም ኪስ ውስጥ የማይቆጠር፣ ሐኪም ቁስሉን የማያየው የልብ ስብራት ነው። ነገር ግን ለዚህ የሚሰጠው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 ላይ ገደብ አበጀለት። በጊዜው 1000 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እኔ በ1970 ዓ. ም. ስቀጠር የወር ደመወዜ 75 ብር ነበር፤ ስለዚህ 1000 ብር ከዓመት ደመወዜ በላይ ነው። ዛሬ ግን በዚሁ ብር ለልቅሶ ቤት የሚሆን የንፍሮ ስንዴና ባቄላ እንኳ አይገዛም። ገንዘብ እንዲህ ይወድቃል፤ በገንዘብ የተለካ ጉዳትም አብሮ ይወድቃል።

በወንጀል ሕጋችንም ቃሉ ቦታ አለው። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ «ከባድ የአካል ጉዳት» እና «ቀላል የአካል ጉዳት» ብሎ ይለያል። ቀድሞ «አካለ ስንኩል» ይባሉ የነበሩት ወገኖቻችንም ዛሬ «አካል ጉዳተኞች» ይባላሉ፤ በ2000 ዓ. ም. የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚያስከብር አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቷል። የስሙ መለወጥ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ስንኩል ሲባል እንከኑ ሰውዬው ላይ እንዳለ ነው። ጉዳተኛ ሲባል ግን አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው፤ ሰውነቱ ግን ሙሉ ነው።

እነሆ አሁን ወደ ዓምናዪቱ እናት ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቀድሞ ቁጥር 377/1996፣ አሁን ቁጥር 1156/2011) «በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት» የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚያ መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ቢጎዳ አሠሪው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። ሕጉ ጉዳቱን ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከፊል፣ ዘላቂ ሙሉ፣ እንዲሁም ሞት ብሎ በአራት ይከፍለዋል። ለዘላለሙ ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ፣ የኢንሹራንስም የጡረታም ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። እኚህ እናት ይህን አያውቁም ነበር። አሠሪው መጀመሪያ ላይ «ልጁን አላውቀውም» ብሏቸው ስለ ነበር ተስፋ ቆርጠው ነው ወደ እኛ የመጡት። ከስብሰባው በኋላ ሁለት አባሎቻችን ይዘዋቸው ሄደው አቤቱታቸውን አስገብተዋል፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። እስኪያልቅ ድረስ ግን ልጁ ይበላል፣ መድኃኒት ይገዛል። ይህን አትርሱብኝ።

ጎጂ የሌለው ጉዳት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጎጂው ስለሚታወቅ ጉዳት ነው። ጎጂው ሲታወቅ መንገዱ ወደ ሽማግሌ፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ነው። ጎጂው የማይከሰስ ሲሆንስ?

የእኔ ዕድሜ ሰዎች በ1966 እና በ1977 ዓ. ም. በሬዲዮ የሰማናትን ቃል አትረሱም፤ «በድርቅ የተጎዱ ወገኖች» ይባል ነበር። በ1966 ዓ. ም. የወሎና የትግራይ ረኃብ ሲገለጥ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977 ዓ. ም. ደግሞ ረኃቡ ከዚያ በባሰ መጣ፤ እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ከደመወዛችን አዋጣን። እንግዲህ ያን ጊዜ መንግሥት በወቅቱ አልደረሰም ብለው የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ እውነትም አላቸው። ድርቁን ራሱን ግን ማን ይከሰዋል? ዝናብ ለምን ቀረህ ተብሎ አይያዝም። ስለዚህ ሬዲዮኑ «የተጎዱ» ካለ በኋላ «ወገኖች» ይላል። ጎጂውን ይዞ ካሳ የሚያስከፍል ሲጠፋ የሚካሰው ወገን ነው ማለት ነው።

እድርም እንዲሁ ነው። እድር በአዲስ አበባ በብዛት የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ. ም. ወዲህ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ጎረቤት ሲሆን ነው። አገሩ ቢሆን ዘመዱ ይቀብረዋል። ከተማ ግን ዘመድ የለም፤ ስለዚህ ጎረቤት ዘመድ ሆነ። ለምን በሞት ተጀመረ? ብላችሁ እንደ ሆነ፣ ሞት ከሁሉ የከፋው ጎጂው የማይከሰስ ጉዳት ስለ ሆነ ነው።

በሞት ግን አልቆመም። በ1990ዎቹ ዓመታት የኤች አይ ቪ ኤድስ በሽታ ስንቱን ወጣት ሲቀጥፍ፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ቀብር ብቻ ማስፈጸም አላዋጣቸውም። ገንዘቡ በቀብር አለቀ፤ ወላጅ አልባ ልጆችም በየቤቱ ቀሩ። ያን ጊዜ አያሌ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ የታመመውን በሕይወት ሳለ መርዳት፣ ልጆቹንም መደገፍ ጀመሩ። «እድር ለሞት ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሙሉ እውነት አይደለም።

በገዛ እጄ ያደረስኩት

አሁን ደግሞ ሳልነግራችሁ የማላልፈው የራሴ ታሪክ አለ።

በ1979 ዓ. ም. ክረምት እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤቱ ጣራ አፍስሶ 18 ኩንታል ሲሚንቶ ረጥቦ ድንጋይ ሆነ። ዕቃ ቆጣሪ ኮሚቴው አይቶ በእጅ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ «18 ኩንታል ሲሚንቶ ጉዳት ደርሶበታል» ይላል። ንጹሑን ቅጂ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ሰዓቱ ወደ መውጫ ተቃርቧል፣ እኔም ቸኩያለሁ። እጄ የለመደውን ጻፈ፤ «18 ኩንታል ሲሚንቶ ጉድለት ተገኝቷል» ብዬ አስቀመጥኩት። ፈራሚዎቹም ሳያነቡ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት፤ አለቀ።

ጉድለት ማለት በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጠፍቷል፣ ተወስዷል ማለት ነው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጮኸ፣ አመለከተ፤ ወረቀቱ ግን ጉድለት ይላል። ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ ሌላ ክፍል ተዛውሬ ነበር። በሰባተኛው ወር አንድ ሌላ ፋይል ስፈልግ ያ የእጅ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤ እጄ ገባ። ሳነበው ጉልበቴ ከዳኝ። ወዲያው ለአለቃዬ አመለከትኩ፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። እኔም ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የሰውዬውም ገንዘብ ተመለሰለት።

በእሑድ ቀን ከኅብረት ሱቅ ያገኘሁትን ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ቡና አፈላችልን። እሱም አንድ ስኒ ጠጥቶ እንዲህ አለኝ። «ወንድሜ፣ ብሩስ ጉድለት ነበር፤ ተሞላልኝ። ይህችን ሚስቴን ታያታለህ? ሰባት ወር ሙሉ ማታ ማታ ‘ሲሚንቶውን የት አደረስከው?’ ስትለኝ ኖራለች። እሱን በምን ትሞላልኛለህ?» እኔም መልስ አልነበረኝም። ተነሥቼ በእሷ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባልሽ አንዲት ፍሬ ነገር አልወሰደም» ብዬ ጫማው ላይ ልወድቅ ስል ከመንገድ አነሣኝ። እሷም አለቀሰች። ሌላ ካሳ አልጠየቀኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ቃላት አደባልቄ አላውቅም። ጉድለት ይሞላል። ጉዳት ግን አይሞላም፤ ይካሳል እንጂ። ለመካስም በመጀመሪያ የተጎዳውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መስማት ያስፈልጋል፤ የጎዳውን ነገር ከሱ በቀር የሚያውቅ የለምና።

እኛ የቆምንበት መሬት

ይህን ነገር ለሌላ ቦታ ሳይሆን ለኮዬ ፈጬ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የገባንበት መሬት የእርሻ መሬት ነበር። የገጠር መሬት በየካቲት ወር 1967 ዓ. ም. የሕዝብ ሀብት ሆኖ ከታወጀ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ለልማት የሚነሣ ገበሬ ካሳ የሚያገኘው ለመሬቱ ሳይሆን በላዩ ላይ ላፈራው ንብረትና ለሚያጣው ገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። 10 ዓመት ሲቆጥሩት ይረዝማል፤ ከአባት ለልጅ ከሚተላለፍ እርሻ ጋር ሲያስተያዩት ግን ምን አላት!

በሌላ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ አለ። ብዙዎቻችን በ1997 ዓ. ም. ተመዝግበን፣ ከልጆቻችን አፍ ቀንሰን የቆጠብን ነን። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ. ም. ከ51 ሺህ በላይ የሆኑ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የኮዬ ፈጬ ቤቶችም ነበሩበት። ወዲያውም በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ገበሬው «ጉዳቴ ሳይካስ ቤት ተሠራብኝ» አለ። ባለ ዕጣው «14 ዓመት ጠብቄ ዛሬ ተጎዳሁ» አለ። ሁለቱም አንዲቱን ቃል ነው የተናገሩት። ሁለቱም አልዋሹም። ያ የክረምቱ ልጅ በሰሌዳው ላይ የጻፈው እዚህም መጣ፤ አንዱ ቤት የገባው ጥቅም ሌላው ቤት ጉዳት ሆኖ አድሯል።

ከእድራችን አባላት መካከል ከዚሁ ከአካባቢው የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን ከልቅሶ ስንመለስ «ኦቦ፣ ከሁሉ ይበልጥ የጎዳዎት ምኑ ነው?» ብዬ በድፍረት ጠየቅኋቸው። መሬቱ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «ገንዘቡም አለቀ፣ መሬቱም ሄደ፤ ይሁን። ጎረቤቶቼ ግን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተበተኑ። አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ስሞት ማን ይቀብረኛል? ብዬ ነው ያዘንኩት። ለዚህ ነው እናንተ እድር የገባሁት» አሉኝ። አያይዘውም በኦሮምኛ ጥቅምን «ፋይዳ»፣ ጉዳትን ደግሞ «ሚዻ» እንደሚሉ ነገሩኝ። እንግዲህ «ፋይዳ» የሚለውን እኛም በአማርኛ እንለዋለን፤ የመታወቂያችንም ስም ሆኗል። ጥቅምን በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ጉዳትን ግን ሁላችንም በየቋንቋችን ነው የምንለው። ቋንቋውን ለማወቅ ባንችል እንኳ መጠየቅ አያቅተንም። በኦሮሞ ባህል «ጉማ» የሚባለውን ሥርዓትም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ነፍስ ሲጠፋ የሁለቱ ወገኖች ሽማግሌዎች ተቀምጠው ካሳ የሚያስከፍሉበት፣ የሚያስታርቁበት ነው። ገንዘቡ ብቻውን ጉማ አይባልም፤ እርቁ ሲታከልበት ነው።

ሕጉም ዘግይቶ ይህንኑ የተረዳው ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ስሌቱን ወደ 15 ከማሳደጉም በላይ፣ ተነሺው ከኖረበት ማኅበራዊ ኑሮ በመለየቱና በሥነ ልቦናው ለሚደርስበት ጉዳት ካሳ እንዲታሰብ አዟል። የጎረቤት መበተን ጉዳት ተብሎ በአገር ሕግ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ለእኚህ አዛውንት ግን አዋጁ አልደረሰላቸውም፤ የደረሰላቸው ይህ እድር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በደንባችን ያለችውን መስመር እኔ ሳላስብ ጻፍኳት፤ አሁን ግን እንዳትሰረዝ እለምናለሁ። ትብራራ እንጂ አትሰረዝ። በበኩሌ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሞት እንደ ወትሮው ይሁን፤ አንዳችም አይነካ።

2ኛ፤ ከባድ የአካል ጉዳትና አልጋ ላይ የሚያውል ረጅም ሕመም በደንቡ በስማቸው ይጻፉ። የሚሰጠው መጠንና የሚቆይበት ወር በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን።

3ኛ፤ የንግድ ኪሣራና የገንዘብ ጉድለት አይግቡ። እነሱ ሌላ መድረክ አላቸው፤ ቁጠባ ማኅበርም አለ።

4ኛ፤ ጎጂው የሚታወቅ ሲሆን እድሩ አባሉን ይዞ እስከ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሂድ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰው እንጂ ገንዘብ አይደለም።

5ኛ፤ ኮሚቴው የተጎዳውን ቤት ሳያይ፣ ሰውዬውንም ሳይሰማ ምንም ነገር አይወስን።

ሣጥናችን ይራቆታል የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ብዙ እድር በደግነት ፈርሷል፤ ወርኃዊ መዋጮአችንም የሚያኮራ አይደለም። ለዚህ ነው መጠኑ በጽሑፍ ይገደብ የምለው። ግን ደግሞ ይህንንም አስቡ። ከእኛ መካከል ልጁ ነገ ከፎቅ የማይወድቅበት ማን ነው? ዓምና ለእኚያ እናት በኪሳችን ያወጣናት ትንሽ ገንዘብ ነበረች። እሳቸው ግን ሲያመሰግኑ ያነሡት ገንዘቡን አይደለም። «ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ልጄን አያችሁት» ነው ያሉን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። የተወጋውን የጠየቀም እንዲሁ አይረሳም። በመጪው ስብሰባ በሰዓቱ እንገናኝ፤ ደንቡንም አንብባችሁ ኑ። እኔም ብዕሬን ይዤ እቀርባለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ አነባለሁ።

ከሞት የተረፈውን ዕድሜያችንን ይባርክልን።